ክፍልፋይን ስለ ማቃለል

ልጆች ሆይ፥ አንድ ሙሉ ነገር በእኩል ሲከፈል ከክፍሎቹ የተወሰደው የሚጻፍበት ቍጥር ክፍልፋይ ይባላል። ስሙ ለጆሮ አዲስ ቢመስልም ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ ሳይቀር እኩሌታ፥ ሲሶ፥ ሩብ እያለ ይናገራል። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ከመሆኑ በፊት የጭሰኛው መጠሪያ ራሱ ከክፍልፋይ የወጣ ነበር፤ እርቦ አራሽ፥ ሲሶ አራሽ፥ እኩል አራሽ ይባል ነበርና። እርቦ ማለት ከአራት አንድ እጅ፥ ሲሶ ማለት ከሦስት አንድ እጅ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በወጣው ገንዘብም የብር እኩሌታ አላድ፥ የብር ስምንተኛ እጅ ተሙን ይባል ነበር።

ክፍልፋይ ሲጻፍ ሁለት ቍጥር ይይዛል። የላይኛው ላዕል፥ የታችኛው ታሕት ይባላል፤ ሁለቱም የግዕዝ ቃል ናቸው፥ ትርጓሜያቸውም ላይና ታች ማለት ነው። ታሕት ሙሉው ነገር በስንት እኩል ክፍል እንደ ተከፈለ ይናገራል፤ ላዕል ከእነዚያ ክፍሎች ስንቱ እንደ ተወሰደ ይናገራል። በአንድ መስመር ስንጽፈው ከጭረቱ በፊት ያለው ላዕል ነው፥ ከጭረቱ በኋላ ያለው ታሕት ነው። ስለዚህ 3/4 የሚለውን ከአራት ሦስት እጅ ብለን እናነባለን።

አሁን ሁለት ትክክል የሆኑ ድፎ ዳቦዎች አሉ እንበል። እናት አንዱን ዳቦ በስምንት ቈርሳ አራቱን ቍራሽ ለታላቁ ልጅ ሰጠችው። ሁለተኛውን ዳቦ በአራት ቈርሳ ሁለቱን ቍራሽ ለታናሹ ሰጠችው። ታናሹም የወንድሙን ቍራሽ ቈጠረና «ለእርሱ አራት፥ ለእኔ ሁለት!» ብሎ አለቀሰ። እናንተ በዚያ ቤት ብትገኙ ምን ትሉት ነበር? ሁለቱ ድርሻ በሚዛን ላይ ቢቀመጥ ሚዛኑ ወደ ማንም አያዘነብልም። የታላቁ ቍራሽ በቍጥር ቢበዛም እያንዳንዱ ቍራሽ በዚያው ልክ አንሷልና። 4/8ም እኩሌታ ነው፥ 2/4ም እኩሌታ ነው። ቍጥሩ ስለ በዛ ዳቦው አልበዛም።

እንግዲህ 4/8 ከማለት 1/2 ማለት ይቀላል። ድርሻው ሳይለወጥ ላዕሉንና ታሕቱን ወደ ትንሹ ቍጥር ማምጣት ክፍልፋይን ማቃለል ይባላል። በዕለት ንግግራችን «ሰውን አቃለለ» ስንል ናቀው፥ ዝቅ አደረገው ማለታችን ስለ ሆነ፥ ቃሉ አንዳንዱን ተማሪ ያሳስተዋል፤ ክፍልፋዩ ሲቃለል ድርሻው የቀነሰ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። እህል በብዙ ትንንሽ ከረጢት ከመሸከም ይልቅ በጥቂት ትልልቅ አቆማዳ መጫን ለአህያውም ለነጂውም ይመቻል፤ እህሉ ግን ያው እህል ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ላዕሉንም ታሕቱንም በአንድ ቍጥር እናካፍላለን፤ ያም ቍጥር ለሁለቱም ያለ ቀሪ የሚያካፍል መሆን አለበት። 18/24ን ተመልከቱ። ሁለቱን በ2 ብናካፍል 9/12 ይሆናል። እንደ ገና ሁለቱን በ3 ብናካፍል 3/4 ይሆናል። 3ንና 4ን አብሮ የሚያካፍል ቍጥር ከ1 በቀር የለምና እዚህ ላይ እንቆማለን። ድርሻው ስለ ምን እንዳልተለወጠ ለማወቅ ወደ ዳቦው እንመለስ። 24 ቍራሽ ቢኖርና ስድስት ስድስቱን አንድ ላይ ብንሰበስብ 4 ክምር ይሆናል። በእጃችን ያለው 18 ቍራሽም በስድስት በስድስት ሲሰበሰብ 3 ክምር ይሆናል። ቍራሾቹን ሰበሰብናቸው እንጂ አንድም አልጣልንም።

ሕጉ እንዲህ አጭር ሳለ እኔ በልጅነቴ ስቼበታለሁ፤ ስሕተቴም ሌላ ሰው ጎዳ።

በመንደራችን ሦስት ቤተ ሰዎች አንድ ማሳ በማኅበር ያርሱ ነበር። አንዱ የአባቴ ቤት ነው። ከሁለቱ በአንደኛው ቤት አንድ ወንድ ልጅ ያላቸው መበለት ነበሩ፤ እኛ ልጆች «እማማ» እንላቸው ነበር። ውላቸው እንዲህ ነው። ለእርሻ፥ ለአረም፥ ለአጨዳና ለውቂያ እያንዳንዱ ቤት ያዋጣው የሥራ ቀን ይቈጠራል፤ እህሉም በአውድማ ላይ በዚያው ልክ ይከፈላል። እኔ ትምህርት ቤት ስለ ገባሁ ቀኑን እንድጽፍና ድርሻውን እንዳወጣ አባቴ አዘዙኝ።

በመጀመሪያው ዓመት የሁሉም ቀን ተደምሮ 64 ሆነ፤ ከዚህ ውስጥ የእማማ ቀን 16 ነበር። 16/64 ብዬ ጻፍሁ። በዚያ ሰሞን በትምህርት ከእኔ ከፍ ያለ አንድ ተማሪ «ላይና ታች አንድ ዓይነት አኃዝ ያየህ እንደ ሆነ ሰርዘው» ብሎ ነግሮኝ ነበር። እኔም የላይኛውን 6 ሰረዝሁ፥ የታችኛውን 6 ሰረዝሁ፤ 1/4 ቀረ። «የእማማ ድርሻ ሩብ ነው» አልሁ። አባቴ በራሳቸው መንገድ ቈጥረው ልክ መሆኑን አዩ። ገብሱ 80 ቁና ነበርና 20 ቁና ተሰፍሮ ለእማማ ተሰጠ። በአውድማው የነበሩት ሽማግሌዎች መረቁኝ፤ እኔም በአንድ ጭረት ሒሳብ የሚጨርስ ልጅ እየተባልሁ ኰራሁ።

በሁለተኛው ዓመት ዝናሙ አነሰ፥ ሥራውም አነሰ። ቀኑ ሁሉ 45፥ የእማማ ቀን 15 ሆነ። እንደ ዓምናው 15/45 ብዬ ጻፍሁና 5ን ከላይም ከታችም ሰረዝሁ፤ አሁንም 1/4 ወጣ። «ዘንድሮም ሩብ ነው» አልሁ። ዓምና ልክ ስለ ነበርሁ ዘንድሮ የመረመረኝ ሰው አልነበረም። ከ60 ቁና 15 ቁና ለእማማ ተሰፈረ። እርሳቸውም አቆማዳቸውን ተመለከቱ፥ እኔን ተመለከቱ፥ ምንም ሳይናገሩ ሄዱ።

በማግሥቱ ማለዳ በነጠላቸው ጫፍ ሽምብራ ቋጥረው ወደ ቤታችን መጡ። አባቴንም «ወንድሜ፥ እኔ ጽሕፈት አላውቅም፤ ልጁንም አልተቈጣሁትም። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። እስኪ ከእኔ ጋራ ይቍጠርልኝ» አሏቸው። ከደጃችን በተነጠፈው ቍርበት ላይ 45 ሽምብራ ቈጥረው አኖሩ።

«ይህ የሁላችን ቀን ነው። ከዚህ ውስጥ የእኔንና የልጄን ቀን ለይልኝ» አሉኝ።

15 ለየሁ።

«ከቀረው ደግሞ እንደዚህ ያለ ሌላ ክምር አውጣ» አሉኝ።

15 አወጣሁ። የቀረውን ብቈጥረው እርሱም 15 ሆነ። ክምሩ ሦስት ነው፤ አራተኛ ክምር የለም።

«እንግዲህ ልጄ፥ ከሦስቱ ክምር አንዱ የእኔ ከሆነ ሩብ ነው ወይስ ሲሶ?» አሉኝ።

መልሱን አውቀው ነበር፥ ከአፌ ግን አልወጣ አለኝ። የ60 ቁና ሲሶ 20 ቁና ነው። አባቴ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወደ ጎተራው ገቡ፤ የሦስተኛው ቤት ድርሻ እስኪመለስ ድረስ ከራሳቸው እህል 5 ቁና ሰፍረው ለእማማ ሰጡ። ዝናም ባነሰበት ዓመት 5 ቁና ለአንዲት መበለት ቤት ቀላል ነገር አይደለም። አባቴ አልመቱኝም፤ «ይህን ደብተርህን ለመምህርህ አሳይ» ብለው ላኩኝ። ብመታ ይሻለኝ ነበር።

መምህሬ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ። ደብተሬን አይተው ዝም አሉ፤ በኋላም «የዓምናውን ቍጥር በግዕዝ አኃዝ ጻፈው» አሉኝ። ላዕሉን ፲፮፥ ታሕቱን ፷፬ ብዬ ጻፍሁ። «አሁን ስድስቱን ከላይም ከታችም ሰርዝ» አሉኝ። ብፈልግ ብፈልግ ሁለት ስድስት አጣሁ። ላይ ያለው ፮ ነው፥ ታች ያለው ግን ፷ ነው፤ ምልክታቸውም አንድ አይደለም። እንዲያውም ከ፲፮ ላይ ፮ ቢሰረዝ ፲ ይቀራል፤ ከ፷፬ ላይ ፷ ቢሰረዝ ፬ ይቀራል። 10/4 ማለት ሁለት ሙሉና እኩሌታ ነውና እማማ ከአውድማው እህል ሁሉ ሁለት እጥፍ ተኩል በወሰዱ ነበር! መምህሬ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ዛሬ የምንጽፍበት አኃዝ ለሒሳብ እጅግ የተመቸ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህን አንድ ነገር ከዓይን ይሰውራል። በ16 ውስጥ ያለው 6 በአንድ ቤት ስለ ቆመ ስድስት ነው። በ64 ውስጥ ያለው 6 ግን በአሥር ቤት ስለ ቆመ ስድሳ ነው። መልካቸው አንድ፥ ዋጋቸው ልዩ ነው። የግዕዝ አኃዝ ለስድስትና ለስድሳ ልዩ ልዩ ምልክት ስላለው ሰውን በዚህ መንገድ አያታልልም።

እንግዲህ 16/64 ሩብ የሆነው እኔ ስለ ሰረዝሁት አይደለም። ሁለቱም በ16 ስለሚካፈሉ ነው፤ 16 በ16 ሲካፈል 1፥ 64 በ16 ሲካፈል 4 ይሆናል። መልሱ ልክ ነበር፥ መንገዱ ግን ልክ አልነበረም፤ እኔንም ያጠፋኝ የመልሱ ልክ መሆን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብሳሳት ኖሮ በዚያው ቀን እታረም ነበር። ላዕሉ ከታሕቱ በሚያንስበት ባለ ሁለት አኃዝ ክፍልፋይ ሁሉ፥ ዜሮን ከመሰረዝ በቀር፥ ላይና ታች አንድ አኃዝ ተሰርዞ ልክ የሚወጣው በአራት ብቻ ነው፤ እነርሱም 16/64፥ 19/95፥ 26/65፥ 49/98 ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በመጀመሪያው ሥራዬ ላይ ገጠመኝ።

የሁለተኛው ዓመት ስሕተት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ፲፭ እና ፵፭ን ብትጽፉ ፭ በሁለቱም አለ፤ ዋጋውም አንድ ነው። ነገር ግን ፲፭ ማለት አሥርና አምስት ማለት ነው፤ አምስቱ በአሥሩ ላይ ተደምሯል። እርሱን መሰረዝ ማለት ከላይም ከታችም አምስት አምስት መቀነስ ነው፤ የቀረውም ፲ እና ፵፥ ማለት 10/40 ነው፤ ይህም ሩብ ነው። ከላይና ከታች እኩል መቀነስ ግን ድርሻን ይለውጣል። ይህን በትንሽ ቍጥር እዩት፤ 2/3 ከሦስት ቍራሽ ሁለቱ ነው። ከላይም ከታችም አንድ ብትቀንሱ 1/2 ይሆናል። ከሦስት ቍራሽ ሁለቱን የያዘ ልጅ እኩሌታውን ብቻ ውሰድ ቢሉት እሺ ይላልን? መደመርም እንደ መቀነስ ነው፤ ላይና ታች አንድ አንድ ብትጨምሩ 2/3 ወደ 3/4 ይለወጣል።

ያ ታላቅ ተማሪ የነገረኝ ነገር ከየት መጣ? ፈጽሞ ውሸት አልነበረም፤ ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ረስቶ ነው። 15 ማለት 3 ጊዜ 5 ነው፤ 45 ማለት 9 ጊዜ 5 ነው። ላይና ታች በ5 የተባዙ ስለ ሆኑ ያንን 5 መሰረዝ ይፈቀዳል፤ 3/9 ይቀራል። 3 ደግሞ 1 ጊዜ 3፥ 9 ደግሞ 3 ጊዜ 3 ነውና 3ን ብንሰርዝ 1/3 ይቀራል፤ ይህም የእማማ ሲሶ ነው። ስለዚህ አብዝቶ የገባው ይሰረዛል፥ ተደምሮ የገባው አይሰረዝም።

አሁን በምን ቍጥር እንደምናካፍል እንመልከት። የሁለቱም ቍጥሮች መጨረሻ 0፥ 2፥ 4፥ 6 ወይም 8 ከሆነ በ2 ይካፈላሉ። መጨረሻቸው 0 ወይም 5 ከሆነ በ5 ይካፈላሉ። ለ3 ግን መጨረሻውን ማየት አይበቃም፤ አኃዞቹን ሁሉ ደምሩ፥ ድምሩ በ3 ከተካፈለ ቍጥሩም በ3 ይካፈላል። 51/87ን ውሰዱ። 5 እና 1 ሲደመር 6፥ 8 እና 7 ሲደመር 15 ነው፤ ሁለቱም በ3 ይካፈላሉ። ስለዚህ 51/87 ተቃልሎ 17/29 ይሆናል። ምክንያቱም ቀላል ነው። አሥር ፍሬ በሦስት ሰው ሲካፈል አንድ ይተርፋል። አምስት አሥር ሲካፈል እንግዲህ አምስት ይተርፋል፤ ከ51 የቀረችው አንዲት ስትጨመር 6 ይሆናል፥ 6ም ለሦስት ሰው ያለ ቀሪ ይደርሳል።

መምህሬ ለዚህ ትምህርት የሰጡኝ ምሳሌ ከባሕረ ሐሳብ ነበር። ባሕረ ሐሳብ በዓላትና አጽዋማት የሚቈጠሩበት የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ቀን ከነሌሊቱ በ60 ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፍል ኬክሮስ ይባላል። ዓመቱ 365 ቀንና 15 ኬክሮስ ነው፤ ከኬክሮስ በታች ያለውን ጥቃቅን ለጊዜው እንተወው። ይህ 15 ኬክሮስ የቀን 15/60 ነው። ሁለቱን በ5 ስናካፍል 3/12፥ እንደ ገና በ3 ስናካፍል 1/4 ይሆናል። እንግዲህ በየዓመቱ ሩብ ቀን ይተርፋል ማለት ነው። አራት ሩብ አንድ ሙሉ ስለሚሆን በአራት ዓመት አንድ ቀን ይሞላል፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻም ጳጉሜን በ5 ፈንታ 6 ቀን ትሆናለች። አስራ አምስት ኬክሮስ ብሎ የሚሰማ ልጅ ስለ ምን በአራት ዓመት እንደ ሆነ አያስተውልም፤ ሩብ ሲባል ግን ምክንያቱ ራሱ ይናገራል።

አንዳንድ ጊዜ ቍጥሮቹ በ2ም፥ በ3ም፥ በ5ም እንቢ ይላሉ። 91/119 እንዲህ ያለ ነው። ለዚህ እጅግ ያረጀ መንገድ አለ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በግብፅ አገር በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው የግሪክ ሊቅ ዩክሊድ በመጽሐፉ ጽፎታል። በገመድ አስቡት። አንዱ ገመድ 119 ስንዝር፥ ሁለተኛው 91 ስንዝር ነው። ከረጅሙ ላይ በአጭሩ ልክ እየቈረጣችሁ ጣሉ። ከ119 ላይ 91 ሲቈረጥ 28 ቀረ። አሁን ረጅሙ 91 ነው፤ ከእርሱ ላይ 28 ሲቈረጥ 63፥ እንደ ገና 28 ሲቈረጥ 35፥ እንደ ገና 28 ሲቈረጥ 7 ቀረ። አሁን ደግሞ ረጅሙ 28 ነው፤ 7 እየቈረጣችሁ ብትሄዱ 21፥ 14፥ 7 ይሆናል። ሁለቱ ገመዶች በ7 ላይ እኩል ሆኑ። እንግዲህ ሁለቱን ያለ ቀሪ ከሚያካፍሉት ቍጥሮች ሁሉ ትልቁ 7 ነው። 91 በ7 ሲካፈል 13፥ 119 በ7 ሲካፈል 17፤ ስለዚህ መልሱ 13/17 ነው። ቅድም መቀነስ ድርሻን ይለውጣል ብዬ ነበር፤ እዚህ የቀነስነው ግን አካፋዩን ለመፈለግ ብቻ ነው፥ ክፍልፋዩን ያቃለልነው በማካፈል ነው። ሁለቱን አታደባልቁ።

ገመዶቹ እኩል የሚሆኑት በ1 ላይ ብቻ ከሆነ ክፍልፋዩ ከዚያ ወዲያ አይቃለልም። 8/15 ለዚህ ምሳሌ ነው። 8 በ2ና በ4 ይካፈላል፥ 15 በ3ና በ5 ይካፈላል፤ አብሮ የሚያካፍላቸው ግን የለም። አንዱ ብቻ ስለ ተካፈለ ቸኵላችሁ አታካፍሉ።

ደግሞም ሁልጊዜ ማቃለል ግድ አይደለም። ሩብና ስድስተኛ እጅ ለመደመር የምንፈልግ እንደ ሆነ የተቃለለውን መልሰን ማብዛት አለብን፤ 1/4ን 3/12፥ 1/6ን 2/12 አድርገን ስንደምር 5/12 እናገኛለን። ሌላም ነገር አለ። ሲሶ ብሎ የሚጽፍ ሰው የእማማን ድርሻ በትክክል ይነግረናል፤ ስንት ቀን እንደ ደከሙ ግን አይነግረንም። 15/45 ሲቃለል ድርሻው አይጠፋም፥ የቀኑ ቍጥር ግን ይጠፋል። ስለዚህ እኔ ከዚያ ወዲያ በደብተሬ ሁለቱንም ጐን ለጐን እጽፍ ነበር።

አሁን እናንተ ሥሩ። 12/24ን በመጀመሪያ 2ን ከላይም ከታችም በመሰረዝ፥ ቀጥሎም በማካፈል አቃልሉ፤ ከሁለቱ መልሶች የትኛው ልክ እንደ ሆነ ሽምብራ ቈጥራችሁ አሳዩ። 14/49ን፥ 36/90ን አቃልሉ። ብር 100 ሳንቲም ስለ ሆነ 75 ሳንቲም የብር ስንተኛ እጅ ነው? 143/187ን በገመዱ መንገድ አቃልሉና ያገኛችሁትን ከዚህ በላይ ከሠራነው መልስ ጋራ አስተያዩ።

በሦስተኛው ዓመት የማኅበሩ ቀን ሁሉ 48፥ የእማማ ቀን 18፥ ገብሱም 64 ቁና ሆነ። በዚያ ቀን አውድማው ላይ እማማ ሽምብራቸውን ይዘው ከአጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ድርሻቸው ስንተኛ እጅ ነው? ስንት ቁናስ ይሰፈርላቸው?